የምስማሩ ጭረት

ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ለማስተማር ከደሴ መቀሌ ስመጣ ቃላሚኖ አካባቢ አንድ ክፍል ከነማድ ቤቷ ተከራየሁ። አከራዬ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ በትግርኛ አደይ፣ እናቴ፣ ይላቸዋል፣ እኔም አደይ አልኳቸው። የቧንቧ ውሃ በሁለት ሦስት ሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። እያስተማርኩ ከመጣ በርሜሌን የሚሞሉልኝ እሳቸው ስለሆኑ የማድ ቤቱን ትርፍ ቁልፍ ሰጠኋቸው።

አንድ ሰሞን ውሃዬ መጉደል ጀመረ። በሩ እንደተቆለፈ፣ ክዳኑ እንደተከደነ፣ ወለሉም ደረቅ ሆኖ፣ ውሃው ግን በየቀኑ ይወርዳል። የበርሜሉን ውስጥ በምስማር ጭሬ ምልክት አደረግሁ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይላል ያገሬ ሰው። ጠረጠርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ተማሪዎቼን ‹ክራይም› የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከየት እንደመጣ ሳስተምር ነበር። ዛሬ ወንጀል ማለት ነው። ከላቲን ሲነሳ ግን ክስና ፍርድ ማለት ነበር፤ ሥሩ ከዚያም አልፎ መንፋት፣ ማበጠር ጋ ይደርሳል የሚሉ አሉ። የድርጊቱ መጠሪያ የሆነው ኋላ ነው። አንዲት የቁሓ ልጅ እጇን አውጥታ፣ እንግዲያው ከወንጀሉ በፊት ከሳሹ ነበረ ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅሁና አለፍኩት።

ከሰዓት ቤቴ ገብቼ ክዳኑን ስከፍት ውሃው ከጭረቱ ሁለት ጣት ወርዷል። ደሜ ፈላ። ግልፍተኛ ነኝ፤ እናቴም አፍህ ከልብህ ይቀድማል ትለኝ ነበር። ቀጥ ብዬ አደይ በር ላይ ሄድኩና፣ ቁልፉ ከእኔና ከእርስዎ ሌላ ማንም ጋ የለም፣ ውሃዬ በምስማር ከጫርኩት ምልክት ወርዷል፣ የሚቀዳው ማን ነው አልኳቸው። ትኩር ብለው አዩኝ።

«እሺ፣ ወደይ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም እሺታቸውን እንደማመን ቆጠርኩት።

ከማግስቱ ጀምሮ ውሃው ጭረቱን አልለቅ አለ። ሁለት ጆግ ቀድቼ እሄዳለሁ፤ ስመለስ እዚያው ጭረቱ ላይ ነው። ቧንቧው ከደረቀ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ጎረቤቱ ከጋሪ በጀሪካን እየገዛ፣ የእኔ በርሜል አይጎድልም። ወላሂ ፈራሁ። በጠራራ ፀሐይ ቢስሚላህ ሳልል ክዳኑን መንካት አቃተኝ። ስከፍተው ውሃው ፀጥ ብሎ የራሴን ፊት ያሳየኛል። መጠጣቱን ትቼ የታሸገ መግዛት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ጉንፋን ጥሎኝ ከሥራ ቀርቼ ተኝቼ ሳለ፣ እኩለ ቀን ላይ የማድ ቤቱ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ። ክፍሌን ከማድ ቤቱ በሚያገናኘው በር ቀዳዳ አየሁ። አደይ ጀሪካን በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው ገቡ፤ ቀስ አድርገው ገለበጡት፤ ጣታቸውን ሰደው ጭረቱን ዳሰሱና ትንሽ ጨመሩ። ተከትያቸው ወጣሁ። የእሳቸው በርሜል ግቢው ውስጥ ባዶውን ተደፍቷል።

ለምን አልኳቸው።

«ስሜ ከሚጎድል ውሃዬ ይጉደል» አሉኝ።

በርሜሉን አብረን ገፋ ስናደርገው ቂጡ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ተገኘች። ከሥሩ ሲሚንቶውም ተሰንጥቆ ውሃውን ሲውጥ ከርሟል። አደይ ከጋሪ የገዙትን ውሃ ሲያፈሱ የኖሩት መሬት ውስጥ ነበር። አፈርኩ፤ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሱኝና ይቅር ብዬሃለሁ አሉ፣ ከልባቸው ነው። ከዚያ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ክዳኑ ላይ አስቀመጡት።

ስንጥቋን በቀለጠ ፕላስቲክ አስደፈንኳት። አደይ ዛሬም ፊታቸው ሳይጠቁር ሰላም ይሉኛል፤ ስታመም ሾርባ ይዘው ይመጣሉ። ቁልፉን ግን ስንት ጊዜ ብለምናቸው አልወሰዱም። ካፍ የወጣ አፋፍ። ውሃው እያስተማርኩ ከመጣ በርሜሌ ባዶውን ያድራል፤ ክዳኑን ስከፍት የሚታየኝ ጭረቱ ብቻ ነው።