ሰማያዊው ሽቦ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ ፊታቸው የምቀመጠው የንስሐ አባቴም አልሰሙትም፤ እሳቸው ዘንድ ስደርስ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እደረድርና ይህችን አንዷን ዘልዬ እነሳለሁ። አንተ ግን አታውቀኝም፣ እኔም አላውቅህም። አፌ የተፈታው ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ከክንድ በማትረዝም ሽቦ አንድ ሰው አጥፍቻለሁ። አልሞተም። ግን አጥፍቼዋለሁ።

ጁባ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ዳር፣ ከላይዋ ቆርቆሮ የለበሰች ጠባብ ቦታ ነበረችኝ። ዳይናሞም መብራትም እሠራለሁ፤ ስሜ የወጣው ግን በድምፅ ነው። መኪናው ይዞት የመጣውን ስፒከር አውጥቼ የተሻለ እገጥማለሁ፣ አምፕሊፋየር እጨምራለሁ፣ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ በጆሮዬ አስተካክላለሁ። ጉራ እንዳይመስልህ ልልህ ነበር፤ ግን ጉራም ነበር። በር ውስጥ አንዲት ብሎን ስትንቀጠቀጥ ውጭ ቆሜ የትኛዋ እንደሆነች መናገር እችል ነበር። ደንበኞቼም ይህን እያዩ ይስቁና ያምኑኝ ነበር።

የምኖረው ጁባ ታውን፣ እትዬ ዘነበች ግቢ ነበር። ምግብ ቤትና ጥቂት የሚከራዩ አልጋዎች ያሏቸው፣ ምላሳቸው የሚፈራ፣ እጃቸው ግን የማይሰስት ሴት ናቸው። ከጓሮ አንድ ክፍል ሰጥተውኝ ነበር። ገና እንደመጣሁ ግማሹን ደንበኛዬን ያመጡልኝም እሳቸው ናቸው፤ "ተሜን ጠይቁ" ካሉ ነገሩ አለቀ። ሹፌራቸው ኡጁሉ ይባላል። እዚያው አገር ተወልዶ፣ በልጅነቱ በስደት ጋምቤላ ገብቶ፣ ኋላም አዲስ አበባ አድጎ፣ አገሩ ነጻ ስትወጣ የተመለሰ ረጅም ሰው ነው። አማርኛው ከእኔ የጠራ ነበር። ቁጣ ሲመጣበት ብቻ ወደ ጁባ አረብኛ ይሻገራል፤ እሱም ቶሎ የሚቆጣ ሰው አልነበረም።

እንደ ፈረንጆቹ በ2016፣ ከፋሲካ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ፒካፓቸውን አመጣልኝ። እትዬ ዘነበች መዝሙራቸው ጥርት ብሎ እንዲሰማቸው ይፈልጋሉ። ኡጁሉ ደግሞ ቤዙ ደረቱን እንዲነካው ይፈልጋል። በአንድ መኪና ሁለቱንም ማርካት ለእኔ የጨዋታ ያህል ነበር። በሮቹን ፈታሁ። የድሮዎቹን ስፒከሮች አቧራ በልቷቸው ወረቀታቸው ተቀዷል። አዲሶቹ ሰፋ ስለሚሉ ከጣውላ ቀለበት ቆርጬ አስቀመጥኳቸው፤ በሩ እንዳይንቀጠቀጥም ከፍራሽ ሻጮች የለመንኩትን ቁራጭ ስፖንጅ ጠቀጠቅኩበት። አምፕሊፋየሩን ከወንበሩ ጀርባ አሰርኩት። እስከዚህ ድረስ ሥራዬ ንጹሕ ነበር።

አምፕሊፋየር የሚቀሰቅሰው ሽቦ አለው፤ ሰማያዊ ነው። ከቴፑ ጋር ይገናኛል። ቴፑ ሲበራ ይነሳል፣ ቴፑ ሲጠፋ ይተኛል። የዚያ መኪና ቴፕ ግን በዚያ በኩል ኃይል አይሰጥም ነበር። መፍትሔውን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ዳሽቦርዱን መፍታትና፣ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኝ ሌላ ሽቦ ፈልጎ ከዚያ መውሰድ ነው። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ቀኑ መሽቶብኛል፣ መኪናው ለነገ ቅዳሴ ተፈልጓል፣ እኔም ታክቶኛል። ሰማያዊውን ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ከሚመጣው ከቀዩ ሽቦ ጋር ጠመዘዝኩና በጥቁር ናስትሮ ጠቀለልኩት። አምፕሊፋየሩ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም፤ ሞተር ጠፍቶ፣ ቁልፍ ተነቅሎ፣ ሰው ተኝቶም ባትሪውን ቀስ እያለ ይጠጣል። ሰኞ አስተካክለዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ደብቄ ከማልፈው። አምፕሊፋየሩ በርቶ ሲያድር የምታሳብቅ ትንሽ ቀይ መብራት አለችው። ፊቷን ወደ ጀርባ ግድግዳው አዙሬ አሰርኩት። ለአየር ይመቸዋል አልኩ። ማንን ነበር የማታልለው?

ከዚያ ማስተካከሉን ጀመርኩ፣ እሱን አሳምሬ ሠራሁት። ለመዝሙሩ የበገናው ክር አንድ በአንድ እስኪለይ፣ ለኡጁሉ ዘፈን ቤዙ ሳይጎረብጥ ሆድ እስኪገባ ድረስ ቁልፎቹን በጥፍሬ እያንቀሳቀስኩ ቆየሁ። እትዬ ዘነበች ቀርበው አደመጡና እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ኡጁሉ ትከሻዬን ይዞ፣ "ተሜ፣ ከእንግዲህ የምነዳው መኪና አይደለም፣ ቤቴን ነው" አለኝ። ደስ አለኝ። ሰኞም መጣ፣ ማክሰኞም መጣ፤ ሰው ሁሉ ሥራዬን ሲያመሰግን ያን ሽቦ ልፈታው አልሄድኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኡጁሉ፣ "መኪናው ጠዋት ጠዋት ከብዶ ነው የሚነሳው" ሲል መጣ። እትዬ ዘነበች በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። ያኔ መናገር ቀላል ነበር፤ "ኧረ የኔ ጥፋት ነው፣ አምጣው" ማለት ብቻ ነው። እኔ ግን እሳቸው እያዩኝ፣ "ሞተር አጥፍተህ ሙዚቃ ስለምትሰማ ነው" አልኩት። እውነትም ይሰማ ነበር፤ ገበያ ላይ ሲጠብቃቸው ይከፍታል። አፍሮ ሳቀና፣ "ችግር የለም፣ እቀንሳለሁ" አለ። ቀነሰም።

በጁላይ ውጊያው ተነሳ። ሁለት ቀን ሙሉ ከግቢ ማንም አልወጣም። ኡጁሉ የምንሰማው ወሬ እንዳናጣ ብሎ አልፎ አልፎ የመኪናውን ሬዲዮ ይከፍታል፤ ሁላችንም በሩ ዙሪያ ቆመን እናዳምጣለን። ለእኛ ብሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ተኩሱ ትንሽ ጋብ ሲል፣ እትዬ ዘነበች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንሂድ አሉ። ስድስት ሰዎች ነበርን፣ አንዷ ነፍሰ ጡር። ተሳፈርን። ኡጁሉ ቁልፉን አዞረ። ቀጭ አለና ዝም አለ። ደግሞ አዞረ፣ ቀጭ አለ። መኪናው አውቶማቲክ ስለሆነ ገፍተው አያስነሱትም።

ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር፣ ከመደገፊያዬ በስተጀርባ አምፕሊፋየሩ አለ። ሙቀቱ በሸሚዜ በኩል ይሰማኝ ነበር። ያኔ አወቅኩ። እንዳላወቅኩ የምናገርበት ምንም መንገድ የለም፤ በዚያች ሰከንድ ሁሉንም አወቅኩ። ነፍሰ ጡሯ ማልቀስ ጀመረች። ኡጁሉ ወርዶ፣ "የሐጂ ኑሩ አይሱዙ ሁለት መንገድ አልፎ ቆሟል፣ ባትሪውን አመጣለሁ" አለ። ሐጂ ኑሩ ዱቄትና ዘይት በጅምላ የሚያከፋፍሉ የወሎ ሰው ናቸው። ኤሌክትሪሺያኑ እኔ ነኝ። ባትሪውን የገደልኩት እኔ ነኝ። መሄድ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ፣ እሱ በሩን በዝግታ ከፍቶ ወጣ።

ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም። ተኩስ ሁለት ጊዜ ተሰማ፣ ቅርብ ነበር። ከዚያ ኡጁሉ ባትሪውን በጆንያ ጠቅልሎ ቀኝ ትከሻው ላይ ይዞ እየሮጠ ገባ። ሲሮጥ አሲዱ ፈስሶበታል፤ ሸሚዙ ተበሳስቶ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። ውሃ እናፍስብህ ብንለው፣ "መጀመሪያ እንነሳ" አለ። ሞተሩ ተነሳ። ስድስታችንንም በሰላም አደረሰን። ቆዳውን ያጠቡለት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከደረስን በኋላ ነው፤ ጥርሱን ነክሶ ቆሞ ነበር። እኔ ውሃ ቀዳሁለት። ያደረግኩለት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ሁኔታው ሲረጋጋ ወደ ግቢያችን ተመለስን። ያን ሰሞን ሰው ሰውን አያምንም ነበር። ከእትዬ ዘነበች ደንበኞች አንዱ፣ መኪናው በዚያ ቀን አልነሳ ማለቱ እንዲያው አይደለም፣ ሹፌሩ አውቆ ነው፣ ዘራፊ ሊያስገባ ፈልጎ ነው አላቸው። ለምን ታዲያ ነፍሱን ሸጦ ባትሪ አመጣ? ይህን ማንም አልጠየቀም። እትዬ ዘነበችም ያን ያህሉን አላመኑም፤ ፍርሃት ግን ገብቷቸዋል። ሁለታችንንም በረንዳው ላይ ጠሩን። ወደ እኔ ዞረው፣ "ተሜ፣ አንተ ባለሙያ ነህ። እግዚአብሔርን ፈርተህ ንገረኝ፤ ያን ባትሪ የጨረሰው እሱ ነው?" አሉኝ።

ያን ጊዜ ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ሞተር ጠፍቶ ሬዲዮ ከተከፈተ ባትሪ ያልቃል" አልኩ። ይኸው ነው። ውሸት አይደለም፤ ማንኛውንም መካኒክ ብትጠይቀው እንዲሁ ይልሃል። ከእውነት ላይ ቆርጬ ውሸት ሠራሁበት። ለምን? እሳቸው "ተሜን ጠይቁ" ማለታቸውን እንዳይተዉ። ጁባ ላይ ባለሙያ የሚኖረው በስሙ ነው፣ እኔም ስሜን ከአንድ ሰው እንጀራ አስበለጥኩ። ኡጁሉ አየኝ። የሚከራከር መስሎኝ ነበር። አልተከራከረም። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ "ካላስ፣ በቃ፣ እትዬ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብሎ ወጣ። የታሰረው ትከሻው ከሸሚዙ ስር አብጦ ይታይ ነበር።

በማግሥቱ ማንም ሳያየኝ ዳሽቦርዱን ፈትቼ ሰማያዊውን ሽቦ በትክክለኛው ቦታ አሰርኩት። ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ መኪናው አንድ ቀን አላስቸገረም። እትዬ ዘነበች ይህን አይተው፣ "አየህ፣ እሱ ከሄደ ወዲህ እንዴት ተስተካከለ" አሉኝ። ጥገናዬ የእሱ ጥፋት ማስረጃ ሆነ። እሳቸው ለጠየቃቸው ሁሉ ይህንኑ ነገሩ፤ ሆቴል ያለው ሐበሻ ሁሉ እሳቸውን ይሰማል፣ ኡጁሉን ሹፌር አድርጎ የሚቀጥር ጠፋ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ለአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና መብራት ልሠራ ወንዝ ወደቡ ወረድኩ። ከጀልባው ማሽላ ከሚያወርዱት መካከል ኡጁሉን አየሁት። ጆንያውን የሚሸከመው በግራው ነው። መሸሽ ፈለግኩ፣ እሱ ግን ቀድሞ አየኝና እየሳቀ መጣ። አቀፈኝ። ስለ እትዬ ዘነበች ጤንነት ጠየቀኝ፣ ነፍሰ ጡሯ ምን ወለደች አለኝ። እኔም፣ "ሙዚቃስ? ዛሬም እንደዚያው ነህ?" አልኩት።

ፈገግታው ቀነሰ። "ተውኩት" አለ። "ከዚያ ቀን ወዲህ ከፍቼ አላውቅም፣ ቤቴም ሬዲዮ የለም። በእኔ አምሮት ስድስት ሰው ሊያልቅ ነበር እኮ፣ ተሜ። አንተ መጀመሪያውኑ ነግረኸኝ ነበር፣ አልሰማሁህም። ይቅር በለኝ።"

ይቅር በለኝ አለኝ። እሱ እኔን። አሁንስ አልተናገርክም? ትለኝ ይሆናል። አልተናገርኩም። "ያለፈ ነገር ነው" አልኩት፣ ይቅር ባይ መስዬ። ጀልባው ላይ ጠሩትና ሄደ። በሳምንቱ ሁሉንም ልነግረው ቆርጬ ተመልሼ ብሄድ፣ በጀልባው ወደ ቦር ሄዷል አሉኝ። ጠበቅኩት፣ አልተመለሰም። ከዚያ እኔም አገሬ ገባሁ።

አሁን አዳማ ነኝ፣ ዛሬም መኪና ውስጥ ድምፅ እሠራለሁ፣ ዛሬም ሰው ጆሮዬን ያደንቃል። ይቅርታ ከአንተ አልለምንም፤ የአንተ አይደለምና መስጠት አትችልም። ደክሞኝ ነበር፣ ዘመኑ ክፉ ነበር አልልህም። አራት ጊዜ አፌን የምከፍትበት ዕድል አገኘሁ፣ አራቱንም ጊዜ እያወቅኩ ዘጋሁት። ይህን መናገሬም ሸክሜን በሌላ ሰው ትከሻ መላክ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህንንም ከዚህ በፊት አድርጌዋለሁ።

ቢሆንም፣ ምናልባት ወደዚያ አገር ከዘለቅክና ቀኝ ትከሻው ላይ የአሲድ ጠባሳ ያለበት፣ አማርኛው የጠራ፣ ኡጁሉ የሚባል ረጅም ሰው ካገኘህ፣ ባትሪውን አንተ አልጨረስከውም በለው። ሰማያዊውን ሽቦ ከቀዩ ጋር ያሰረው ተመስገን ነው በለው። የእኔን ሰላምታ አታድርስልኝ። ሬዲዮ ገዝቶ ይክፈት በለው።