የእትዬ ክር ግራ እጅ

እትዬ ክር ፈሪ ናት። ላማት ብዬ አይደለም፤ ራሷም «ፈሪ ነኝ፣ ምን ታመጣለህ?» ትላለች። ጭር ያለ አስፋልት ለመሻገር ቆማ ግራ ቀኝ ታያለች። ምድጃዋን አጥፍታ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ታየዋለች፣ ክለቡ ስትደርስ ደግሞ እኔን «ያጠፋሁት ይመስልሃል?» ትለኛለች፤ አብሬያት የነበርኩ ይመስል። በብስክሌት ክለባችን እሷ ልብስ ሰፊ ናት፣ እኔ መካኒክ። ልጆቹ እሷን እትዬ ክር፣ እኔን ጋሼ መፍቻ ይሉናል። የእኔ ስም ደስ አይለኝም፣ የእሷ ግን ልክክ ያለ ነው።

በአዘቦት ቀን ሥራዋ ማሊያ ማጥበብ፣ ማስፋትና መጠገን ነው። በውድድር ቀን ግን የጋላቢዎቹን ቁጥር ማሊያቸው ጀርባ ላይ መስፋት ብቻ ነው። ይህ ቀላል የሚመስለው ብስክሌት ላይ ጎንበስ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው። አራቱን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ ይዘህ ብትለቀው ነፋስ ይገባበትና ጀርባ ላይ ሲርገበገብ ይውላል፤ ጋላቢውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ዳኛውም ማንበብ ያቅተዋል። ኮላ የሚቀቡ አሉ፤ ላብ ሲነካው ግማሹ ይላቀቃል፣ የቀረው ማሊያው ታጥቦም አይለቅ። በማግኔት የሚይዙም አይቻለሁ። ጉድጓድ የገቡ ዕለት ማግኔቱን ሲፈልጉ ይኖራሉ።

እትዬ ክር ድሮ ዙሪያውን በመርፌ ቁልፍ አጥብቃ ነበር የምትይዘው። አንድ ቀን አንድ ጋላቢ መታጠፊያ ላይ ወደቀና አንዱ መርፌ ተከፍቶ ወገቡ ውስጥ ገባ። ሐኪሙ በቀላሉ አወጣው፣ ልጁም ብዙ ሳይቆይ እያወራ ይስቅበት ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። የመርፌ ቁልፎቿን ጠራርጋ በቆርቆሮ አድርጋ ለእኔ አስረከበችኝና ሁለተኛ እንደማትነካቸው ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር የምትይዘው በክር ነው።

ጋላቢው ማሊያውን እንደለበሰ ይመጣል። መሪ እንደያዘ ሰው ሆኖ በርጩማ ላይ እጁን ያስደግፍና ያጎነብሳል። ጠረጴዛ ላይ የተሰፋ ቁጥር ማሊያው ሰውነት ላይ ሲወጠር ክሩ ይበጠሳልና። እሷ ከኋላው ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጣ በወፍራም ክር ዙሪያውን ትሰፋለች፤ ስትጨርስ ቋጥራ ትርፉን በጥርሷ ትቆርጣለች። መቀስ ጠፍቶ ነው ወይ እያልኩ እነዘንዛታለሁ፤ መቀስ ሰው ይወጋል ትለኛለች። ከክለቡ ሥራ የምትኮራበት ነገር ቢኖር እሷ የሰፋችው ቁጥር ተላቅቆ አለማወቁ ነው።

ልጇ ጋላቢ ናት። ከዚህች እናት እንዴት እንደወጣች ፈጣሪ ይወቀው። በዚያ ላይ አስም አለባት። ሐኪሙ፣ መጋለብ ትችያለሽ፣ ፓፉ ግን ከኪስሽ እንዳይለይ ብሏታል። ፓፍ የሚሉት ያንን ወደ አፍ የሚነፋ መድኃኒት ነው፤ ቦታውም የማሊያዋ የኋላ ኪስ ነው። ዳገት ላይ ሳትቆም አንድ እጇን ወደ ኋላ ልካ ታወጣዋለች፣ ሳብ ታደርግና ትመልሰዋለች፤ ከመሐረብ አታስበልጠውም። እናትየው ግን ትርፍ ፓፍ ገዝታ እሱንም እዚያው ኪስ ጨምራባታለች።

የዚያን እሁድ ክለቡ አዲስ ማሊያ ለብሶ ወጣ። የአዲሱ ማሊያ የኋላ ኪስ ከድሮው ከፍ ያለ ነበር፣ ማናችንም ልብ አላልነውም። እትዬ ክር ልጇን በርጩማው ላይ አስጎንብሳ ቁጥሩን በለመደችው ቦታ ሰፋችላት። ለልጇ ስለሆነም ክሩን እጥፍ አደረገችው። ልጅቷ እናቷን ስማ ወደ መነሻው ሄደች፣ ሴቶቹም ተለቀቁ።

ቀጥሎ ከወንዶቹ አንዱ መጥቶ አጎነበሰ። እሷ መርፌዋን ስትሰካ ዞር ብሎ፣

«እትዬ፣ ኪሴን እየሰፋሽው እኮ ነው። ሙዜን በምን ላወጣ ነው?» አላት።

እየሳቀ ነው ያለው። እኔም ልስቅ ስል ፊቷን አየሁት፤ አመድ መስሏል። መርፌውን እንደያዘች ክው ብላ ቀረች።

«ፓፏን ሰፍቼባታለሁ» አለች።

አሰልጣኙ ከፊት ላሉት ዳኞች ሊደውል ሞከረ፤ ጋላቢዎቹ የሚወጡት ተራራ ሥር ስልክ አይሠራም። እኔ እጇን ይዤ ወደ ቡድኑ መኪና ሮጥኩ። መንገዱ መሃል አንድ ዳኛ ቁሙ እያለ ፊሽካ ነፋብን፤ ቢፈልግ ከውድድር ያባርረን ብዬ አለፍኩት። እትዬ ክር አጠገቤ ናት፣ መርፌው ከነክሩ አሁንም በእጇ ነው። ዳገቱ ላይ ነው የሚነሳባት፣ ዳገቱ ላይ ነው የሚነሳባት ትላለች። ዝም በይ ልላት አልቻልኩም። እኔም ፈርቻለሁ፤ ነዳጁን እስከ ታች ረግጬዋለሁ።

ወደ ኋላ የቀሩትን ጋላቢዎች አንድ በአንድ ደረስንባቸው። የክለባችንን ልጆች ስናገኝ የምናየው ጀርባቸውን ነው፤ ቁጥራቸው ቆዳቸው ላይ የተቀባ ያህል ልጥፍ ብሏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አየኸው አይደል ብላ በክርኗ ትጎስመኝ ነበር። ያን ቀን አንዱን እያየች ፊቷን አዞረች።

ከዳገቱ መታጠፊያ ላይ ብስክሌቱ ወድቆ አየሁ። ልጅቷ መንገድ ዳር ተንበርክካለች። ያለፏት ሁሉ ጎማዋ የተነፈሰባት መስሏቸው ነበር። ዚፑን ከፍታ ማሊያውን ልታወልቅ ስትታገል ትከሻዋ ላይ ተጠምዝዞ ቀርቷል፣ አንድ እጇ ከኋላ ቁጥሩን ይቧጥጣል። ከንፈሯ ጠቁሯል። ደረቷ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያወጣል፣ በድምፁ መካከል ደግሞ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። የፈራሁት ያንን ዝምታ ነው።

እኔ መቁረጫ ፍለጋ የመኪናውን የኋላ ኮፈን ከፍቼ የመሣሪያ ሳጥኔን እገለብጣለሁ፤ መፍቻ እንጂ መቁረጫ የለም። ዞር ስል እትዬ ክር የልጇ ጀርባ ላይ ተደፍታ ክሩን በጥርሷ ይዛዋለች። አልበጠስ አለ። የገዛ እጥፍ ክሯ ነው። ጭንቅላቷን ነቅንቃ ጎተተችው፣ ድዷ ደማ፣ ደግማ ነከሰች። ተበጠሰ። እጇን ከተተችና ፓፉን አውጥታ ልጇ አፍ ላይ አደረገችው።

የመጀመሪያው ምንም ለውጥ አላመጣም። ደገመች። ጀርባዋን ይዛ «ሳቢ እናቴ፣ ሳቢ» ትላለች። ቆየት ብሎ ፉጨቱ ረዘመ፣ ዝምታው አጠረ፣ ከንፈሯም ቀለሙ እየተመለሰ መጣ። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቷ መናገር ስትችል መጀመሪያ ያለችው፣

«እማ፣ ክርሽስ ጠንካራ ነው» ነው።

እናትየው አልሳቀችም። የልጇን ጀርባ እያሸች አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ቁጥር አልሰፋም አለች። አሰልጣኙ ለመናት፣ እኔም ለመንኳት፤ ጋላቢዎቹ ከእኔ ቆርቆሮ መርፌ ቁልፍ እየወሰዱ ራሳቸው ማያያዝ ጀመሩ። ሐኪሙ ለልጅቷ ፈቅዶላት ወደ ውድድር የተመለሰች ዕለት ግን ቁጥሯን ይዛ መጣች፣ በርጩማውን ከእናቷ ፊት አስቀምጣ አጎነበሰች። እናትየው አልችልም አለቻት። ልጅቷ ቀና አላለችም።

እትዬ ክር በመጨረሻ ግራ እጇን ልጇ ኪስ ውስጥ አስገባች፣ ጣቶቿን ዘረጋች፤ በቀኟ ከላይ ሰፋች። መርፌው ወደ ኪሱ ባለፈ ቁጥር የሚያገኘው የእሷን ጣት ነው። ዛሬም ለሁሉም እንደዚያው ነው የምትሰፋው፣ ጣቶቿ ወንፊት ሆነዋል። ቁጥሩን ከፍ አድርገሽ ብትሰፊስ፣ ከኪሱ ጨርሶ ትርቂ ነበር አልኳት። ትንሽ ከፍ አድርጋዋለች፤ እጇን ግን አታወጣም።

ልጅቷም ሳትጠይቅ አታስሰፋም።

«እማ፣ እጅሽ ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«በይ ስፊ።»