ለአባቴ የጨመርኩለት አንድ ቀን

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መገባደጃ፣ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ብዙ ነገር እየረሳሁ ነው፤ ምሳ ምን እንደበላሁ እንኳ ማታ ላይ ይጠፋኛል። ያችን የሦስት ቀን መንገድ ግን ከነአቧራዋ አስታውሳታለሁ። የምነግራችሁን ለባለቤቴም ለልጆቼም ተናግሬው አላውቅም።

የምንኖረው ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነበር። አባቴ ታደሰ ሾፌር ነው፤ አጋሮ ያሉ አንድ ቡና ነጋዴ የጭነት መኪና ነበራቸው፣ የእሳቸውን ይነዳል። የተወለደው ግን ሩቅ ነው፤ ከዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች በአንዱ ላይ። እናቱ እዚያው ነበረች። እኔ አያቴን አይቻት አላውቅም ነበር።

የእኔ እናት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ ሞታለች። የሆድ ሕመም ጀምሯት፣ ሆስፒታል ገብታ፣ እሑድ ጠዋት አረፈች። ለእኔ የተነገረኝ ግን ሰኞ ማለዳ ነው። እሑድን ሙሉ ጎረቤቶቻችን እያወቁ ፈገግ ይሉልኝ ነበር፤ እኔም ገመድ ስዘል ዋልኩ። ያችን እሑድ እንደ ትልቅ ውለታ ነበር የቆጠርኩላቸው። አንድ ቀን ሙሉ እናት እንዳላት ልጅ ተጫውቻለሁ። ይህን ያዙልኝ፤ የኋላው ጥፋቴ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከዝዋይ የመጣ ዓሣ ነጋዴ ቤታችንን አጠያይቆ ደረሰና ለአባቴ፣ «እናትህን ትንሽ አሟታል። ቶሎ ይምጣ፣ ልጁንም ያምጣልኝ ብላለች» አለው።

ወሬው ወዲያው ሰፈሩን አዳረሰ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደ ልጇ የያዘችኝ ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ ጓዳ ገብታ ከሌላ ሴት ጋር ስታንሾካሹክ ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰማሁ።

«ያ ረቢ! ማል ጎና? ምን ይሻለናል? ለትንሽ ሕመም ከዝዋይ ጅማ ድረስ ሰው ይልካሉ? ሞታለች፤ ወላሂ ሞታለች። እንዳትነግሪው። መኪና ይዞ ነው የሚሄደው። አገሩ ገብቶ፣ ከዘመዶቹ መሀል ይስማ።»

ከዚያ ሐጂ ነስሩ መጡ፤ የአባቴ አሠሪ ናቸው። ሐጂ መኪናቸው አንድ ቀን ቆሞ ከዋለ ጨጓራቸው የሚነሳ ቋጣሪ ሰው ነበሩ። የዚያን ዕለት ግን የራሳቸውን ላንድሮቨር ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ለአባቴ ሰጡትና፣ «በዚህ ሂድ ታደሰ። ለመመለስ አትቸኩል» አሉት። ሐጂ «አትቸኩል» ካሉማ አያቴ በእርግጥ ሞታለች አልኩ በልቤ።

ሰኞ ሳይነጋ ተነሣን። አባቴ ከኋላ ቡናና ማር ጭኗል። የጅማ አናጢ ከአንድ ግንድ የፈለፈለው ባለሦስት እግር በርጩማም አለ። «ጉልበቷን ያማታል። ከእንግዲህ መሬት ላይ መቀመጥ ይበቃታል» አለኝ።

መንገዱን ሁሉ ስለ እናቱ አወራኝ። ጀልባ ስትቀዝፍ ወንድ እንደማይደርስባት፣ ነፋስ ሲመጣ ከሩቅ አሽትታ እንደምታውቅ፣ አንድ ቀን ሳይነግራት ሐይቁን ሊሻገር ሲል ይዛ እንዴት እንደገረፈችው። የጊቤን ቁልቁለት ስንወርድ ያንጎራጉር ነበር። 

«የሰፈሩ ሴቶች እኮ ሞታለች ብለው ነው እንደዚያ እንባ ያቀረሩት» አለኝ በድንገት። «አያውቁም። በእኛ ቤት መርዶ በዓሣ ነጋዴ አይላክም። ብትሞት ኖሮ ሽማግሌ ይዘው ወንድሜ ራሱ ነበር የሚመጣው። አሟታል ካሉ አሟት ነው።»

ዛሬ ሳስበው ልክ የነበረው እሱ ነው። አገሩን የሚያውቀው እሱ፣ እናቱን የሚያውቃት እሱ። እኔ ግን ምስኪን አባቴ ራሱን እያታለለ ነው ብዬ አዘንኩለት። ነገ ደሴቱ ላይ ሲደርስ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ታየኝ፤ ያን ፊቱን በእናቴ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ለእኔ አንድ እሑድ ሰጥተውኝ የለ? እኔስ ለአባቴ አንድ ቀን ብሰጠው ምን አለበት? አንድ ቀን እናት ይኑረው።

ወልቂጤ ስንደርስ ሆዴን ይዤ ጮህኩ።

ሌላ ሕመም መምረጥ እችል ነበር። ሆዴን ያልኩት በሆድ እንደሚደነግጥ አውቄ ነው። ላንድሮቨሩን ጥግ አስይዞ አቅፎኝ ወደ ክሊኒክ ሮጠ። ድሬሰሩ ሆዴን ነካክቶ ምንም ሲያጣ፣ ለማንኛውም ብሎ መርፌ ወጋኝ። የሚገባኝን ነው ያገኘሁት። አባቴ አልጋ ተከራየ፤ የአያቴን በርጩማ ከመኪናው አውርዶ አጠገቤ ተቀመጠበት። በማግስቱም፣ ማክሰኞ፣ ገና ያመኛል አልኩት። እስከ ከሰዓት ድረስ ሻይና ዳቦ እያጎረሰኝ፣ እየደጋገመ ግንባሬን እየዳሰሰ ዋለ።

እናት ኖሮት ደስ ብሎት የሚውልበት ቀን የሰጠሁት መስሎኝ ነበር። እሱ ቀኑን የጨረሰው እኔን ሊያጣ ነው ብሎ እየተንቀጠቀጠ ነው። ይህ እንኳ ያኔ አልገባኝም።

ማክሰኞ አመሻሽ አዲስ አበባ ገብተን አደርን። ረቡዕ በሞጆ፣ በመቂ አድርገን ቀትር ላይ ዝዋይ ደረስን። መኪናውን አባቴ ለሚያውቀው ሰው አደራ ሰጥተን፣ ቡናውን፣ ማሩንና በርጩማውን ጀልባ ላይ ጫንን። ጀልባ ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ውሃው በጣም አስፈራኝ። ቀዛፊው የአባቴ አብሮ አደግ ነው። አባቴ «እናቴ እንዴት ናት?» ሲለው፣ ፊቱን ወደ ውሃው መልሶ «እንግዲህ ትደርስ የለ» አለው። አባቴ እጄን ያዘኝና እስክንደርስ አልለቀቀኝም።

የደሴቱ ዳርቻ ላይ ሰው ተሰብስቧል። የአባቴ ታላቅ ወንድም ውሃው ውስጥ ገብቶ ጀልባውን ያዘና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

«ዛሬ ጠዋት ቀበርናት።»

አባቴ ራሱን ይዞ ጮኸ። ሴቶቹ ሙሾ አወረዱ። እኔም አለቀስኩ፤ ግን የማለቅሰው አስቀድሜ ለማውቀው ሞት መስሎኝ ነበር። አጎቴ ቀጠለ።

«ትናንት ጀንበር እስክትጠልቅ ነፍሷ አልወጣም። አልጋዬን በር ላይ አውጡልኝ ብላ ዓይኗን ከሐይቁ ሳትነቅል ዋለች። ጀልባ በታየ ቁጥር ‘እሱ ነው?’ ትላለች። ማክሰኞ ቀትር ላይ ትደርሳለህ ብለን ስንጠብቅ... ምነው ወንድሜ፣ ምነው ዘገየህ?»

ትናንት ቀትር ላይ እኔ ወልቂጤ አልጋ ላይ ተኝቼ ዳቦ እበላ ነበር።

አባቴ ሊወቅሰኝ እንኳ ወደ እኔ አልዞረም። «ልጄ መንገድ ላይ ታመመችብኝ» አለ ብቻ። አጎቴ ራሴን ዳበሰኝና፣ «እንኳን እሷን አተረፈልህ። እናታችንም ብትሆን ልጅህን ጥለህ ና አትልም ነበር» አለው።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጧል። አንዲት አሮጊት አዩኝና «ይቺ ልጅ በሽተኛ ናት፣ አትጉላላ» ብለው አዲሱን በርጩማ አስመጡልኝ። ሦስቱን ቀን ለቀስተኛው መሬት ላይ፣ እኔ በአያቴ በርጩማ ላይ ተቀመጥን።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። አንድም ቀን ስለዚያ ነገር ክፉ ቃል አልወጣውም። መንገድ ልሄድ ስነሣ ግን፣ ትልቅ ሴት ሆኜ ወልጄም፣ «ሆድሽ እንዴት ነው?» ሳይለኝ አይሸኘኝም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ቀን ስልክ ተደወለልኝ። «አባትሽን ትንሽ አሞታል» አሉኝ። ሞቶ ይሁን አይሁን ሳልጠይቅ፣ በለበስኩት ልብስ ወጥቼ ጅማ ገባሁ። በሕይወት ደረስኩበት። ያኔ ከደሴቱ ይዘነው የተመለስነውን በርጩማ ስቤ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩና ልነግረው ቆረጥኩ።

«አባባ፣ ያኔ ወልቂጤ ላይ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ወልቂጤ!» አለኝ በደከመ ድምፅ። «እንዴት አስደንግጠሽኝ ነበር! እግዚአብሔር እናቴን ወስዶ አንቺን ተወልኝ ብዬ ነው እኮ የተጽናናሁት።»

የጀመርኩትን ዋጥኩት። እጁን ስሜ፣ «አዎ አባባ» አልኩት። ከሁለት ቀን በኋላ አረፈ።

ዝም ያልኩት ለእሱ አዝኜ ይሁን ለራሴ ፈርቼ ዛሬም አላውቅም። በርጩማው አሁን እኔ ቤት ነው ያለው። እንግዳ ሲመጣ አቀርበዋለሁ፤ እኔ ግን አልቀመጥበትም።