የአያ ሞላ ኤሊ እንቁላሎች

ትናንት ጠዋት ገና የሱቄን በር ሳልከፍት ስልኬ ጮኸ። አያ ሞላ ናቸው።

«ቶሎ ድረስልኝ ልጄ! እንቁላሉ እየተሰነጠቀ ነው!»

ባጃጅ ይዤ ቤታቸው ወዳለበት ወደ ፀዳ በረርኩ... ግን ነገሩ እንዲገባችሁ ከመነሻው ልንገራችሁ።

እኔ እዚህ ጎንደር የጫጩት መፈልፈያ ሳጥን እየሠራሁ እሸጣለሁ። አያ ሞላ ደግሞ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ድሮ በመተማ መንገድ ሲመላለሱ ከቆላ ያመጧቸው ሁለት ኤሊዎች ነበሯቸው፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ሴቷ ጓሮ ቆፍራ እንቁላል ትጥላለች፤ ግን ለቆላ ኤሊ የኛ አገር አፈር ይቀዘቅዛልና እዚያው ይበላሻል። ባለፈው ክረምት ደግሞ ወንዱን ብርድ ገደለው።

ክረምቱ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ አያ ሞላ አሸዋ የሞላ ካርቶን ታቅፈው ሱቄ ገቡ።

«እሱ ከሞተ በኋላ ጣለች» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንግዲህ የመጨረሻዎቹ ናቸው። እንደ ጫጩት አሙቅልኝ።»

ከሞተ በኋላ? እኔ አላመንኩም። ባዮሎጂ የምታስተምር ሰላም የምትባል ጓደኛ አለችኝና ደውዬ የቆላ ኤሊ መሆኗን ጨምሬ ነገሩን ነገርኳት፤ እሳቸውም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ይሆናል» አለች። «ሴት ኤሊ የወንዱን ዘር ሰውነቷ ውስጥ ብዙ ጊዜ ታቆየዋለች። እሱ ቢሞትም እንቁላሉ ሊፈለፈል ይችላል።»

አያ ሞላ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እሺ፣ እንደ ጫጩቱ በየቀኑ እያገላበጥኩ...» ስል አላስጨረሰችኝም።

«እንዳትነካው! የኤሊ እንቁላል ከተገለበጠ ውስጡ ያለው ሊሞትብህ ይችላል። ሙቀቱንም የዶሮ ካደረግህበት ቀቀልከው ማለት ነው።»

መደርደሪያዬ ላይ ሁለት ዓይነት ቴርሞስታት ነበረኝ፤ ሙቀቱ ሲበዛ አምፖሉን የሚያጠፋው፣ ሲቀንስ የሚያበራው ዕቃ። አንደኛው በእጅ የሚዞር ነው። ሌላው ቁጥር ያሳያል፤ የቀጭን ሽቦው ጫፍ እንቁላሉ አጠገብ ገብቶ ሙቀቱን ይለካል። የቱ ይሻላል ብዬ ጠየቅኳት።

«መጀመሪያ ንገሩኝ... ወንድ ነው የምትፈልጉት ሴት?»

ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

«የምሬን ነው። ኤሊ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው እንቁላሉ ውስጥ ሳለ ባገኘው ሙቀት ነው። የዚህ ዓይነቱ ሠላሳ አንድ ዲግሪ ገደማ መሃሉ ነው። ወረድ ካለ ወንድ ይበዛል፣ ከፍ ካለ ሴት።»

ባለ ቁጥሩን ይዤው ነበር... ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀረ። ይህንን ቁልፍ ስጫን ስንት ዓመቴ! አንድም ቀን ሁለቴ አስቤ አላውቅም። አሁን ግን አንዴ ወደ ታች ብጫነው ወንድ፣ ወደ ላይ ብጫነው ሴት...

አያ ሞላ ካርቶኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«ወንድማ ቢሆን ሸጋ ነበር» አሉ። «ብቻዋን ቀርታ ጓሮ ለጓሮ ስትዞር ሳያት አንጀቴን ትበላዋለች።» ከዚያ እጄን ያዙኝ። «ተወው ልጄ። ይሄ ያንተም የኔም ሥራ አይደለም። መሃሉ ላይ አርገው። የመጣው ይምጣ።»

በእጅ የሚዞረውን ወደ መደርደሪያው መለስኩት። እሱ ሙቀቱን ብዙ ከፍ ዝቅ ስለሚያደርገው መሃል ላይ አይቆምም። ባለ ቁጥሩን መፈልፈያው ሳጥን ላይ ገጠምንና አያ ሞላ ቤት ወስደን ተከልነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት የአያ ሞላ ናቸው። መብራት በሄደ ቁጥር ውሃ አሙቀው በፕላስቲክ ጠርሙስ እየሞሉ ሳጥኑ ውስጥ ይደረድራሉ። ጎረቤቱ «አያ ሞላ እንቁላል ታቀፉ» እያለ ሲስቅባቸው እሳቸውም አብረው ይስቃሉ... ግን ውሃውን መጣድ አይተውም።

እና ትናንት... ስደርስ ሳጥኑ ሥር ተንበርክከዋል። አንዷ እንቁላል ላይ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው አፏ ጫፍ ላይ ያለች የጤፍ ፍሬ የምታክል ሹል ነገር ብቅ ትላለች፣ ትገፋለች፣ ታርፋለች። እኛም ስታርፍ እንተነፍሳለን፣ ስትገፋ ትንፋሻችንን እንይዛለን።

ብዙ ቆይታ ወጣች። ድንጋይ የሚመስለው የኤሊ ልብስ እንደ ወረቀት ለስልሶ መሃሉ ላይ ታጥፏል። እግሮቿ አሸዋ ለብሰዋል። ዓይኗን ገለጠችና እኛን አየች... ወይም እኔ እንደዚያ መሰለኝ። አያ ሞላ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ከሰዓት ላይ ሁለተኛዋ ወጣች። የቀሩት ባዶ ሳይሆኑ አልቀሩም።

ለሰላም ደወልኩላት። «ወንድ ናቸው ሴት?»

«አሁን በዓይን አይለይም» አለችኝ። «ለዓመታት ጠብቁ።»

«ዕድሜያቸውስ?» አሉ አያ ሞላ ከጎኔ።

«ከተመቻቸው ከሁላችንም በላይ ሊኖሩ ይችላሉ።»

አያ ሞላ አንዷን አንስተው መዳፌ ላይ አኖሯት። «እንግዲያው ወንድ ይሁኑ ሴት እኔ አልደርስበትም። አንተ ታየዋለህ።»

ከኔ በኋላ የምትኖር ነፍስ መዳፌን በጥፍሯ እየቧጨረች ወደ ፊት ልትሄድ ትታገል ነበር... ያ ቧጨራ ዛሬም እጄ ላይ አለ።