ብርቱካንማ ጠርዝ ያላት ባንዲራ

የተጣመመ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። የሰው ክራባት አቃናለሁ፣ የጎረቤት ማመልከቻ አርማለሁ፣ አሜሪካ በምሠራበት የሲልቨር ስፕሪንግ ፓርኪንግ ከመስመር ወጥቶ የቆመ መኪና ካየሁም ባለቤቱን እስከ ሊፍቱ ተከትዬ እጨቀጭቃለሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እኔ ነኝ። ይህ አመሌ አንድ ጊዜ አጎቴን መጠጊያ ሊያሳጣቸው ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር ባለችው አፓርታማዬ አብረን እንኖር ነበር። ከዚያ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት አሰብ ወደብ ሠርተዋል። ሥራቸው ማማ ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን መርከብ ገና ከሩቁ በመነጽር ማየትና የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ በስልክ ወደ ታች መናገር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ከባለቤታቸው ጋር በጀልባ ወደ ጅቡቲ ወጡ። ባለቤታቸው እዚያው አርፈው እዚያው ተቀበሩ። ከኔ ጋር በኖሩበት ጊዜ ሁሉ አንድ ቀን እንኳን ስለ እሳቸው ሲያነሡ አልሰማሁም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኩም።

ጥገኝነት ጠይቀው የኢንተርቪው ቀን ተቆረጠላቸው። በነጻ የምትረዳን ሎየር ከመሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ እንድናመጣ ስትጠይቀን፣ መሥሪያ ቤቱ ያለበት ከተማ ዛሬ ሌላ አገር መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። እሷም በእርጋታ ሰማችኝና፣ አሰብ መሥራታቸው ካልታመነ የቀረውም ታሪካቸው ላይታመን እንደሚችል ነገረችን። ካልታመኑ የሚጠብቃቸው መመለስ ነው።

በባቡር ወደ ቤት ስንመለስ ጨነቀኝ።

«ጋሼ፣ እዚያ መሥራትዎን የሚያሳይ አንድ ፕሩፍ እንኳን የለዎትም?»

«ባንዲራዎቹን አውቃቸዋለሁ» አሉ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ።

የምን ባንዲራ እንደሆነ ያን ቀን ነው የተማርኩት። መርከብ የአገሩን ባንዲራ ከኋላ ይሰቅላል፤ ምሰሶው ላይ ደግሞ የኩባንያውን ያውለበልባል። መርከበኞች የቤት ባንዲራ ይሉታል። አጎቴ የእንጀራቸው ነገር ሆኖ የግሪኩንም፣ የጣሊያኑንም፣ የኖርዌዩንም በቃላቸው ያውቁ ነበር። እኔ ግን ማመሳከሪያ መጽሐፍ ፍለጋ ስንከራተት ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እዚሁ እኛ አካባቢ ያለው የአሌክሳንድሪያ ከተማ ቤተ መጻሕፍት አሮጌ መጻሕፍት ሲሸጥ ከሣጥን ሥር ያወጣሁት፣ የስዊድን መርከብ ኩባንያዎችን ባንዲራ በቀለም የያዘ ስስ መጽሐፍ ነበር። ጽሑፉ በስዊድንኛ ስለሆነ አንዲት ቃል አላነበብኩም። ሳያዩት በቃላቸው የሣሉት ከገጠመ ማስረጃ ይሆናል ብዬ ለአጎቴም አላሳየሁም፤ መኪናዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

«እንግዲያው የስዊድኖቹን ይሣሉልኝ» አልኳቸው።

የቀለም እርሳስ ገዛሁላቸውና ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳምንት ሣሉ። ጠዋት ጠዋት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ይቆዩና ያለማመንታት ያሰምራሉ። ሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ ክብ። ነጭ መደብ ላይ ቀይ አልማዝ፣ በአልማዙ ውስጥ ፊደል። እንዲህ እንዲህ እያሉ አርባ አንድ ሣሉና እርሳሱን አስቀመጡ።

«ሌላ ስዊድን አልመጣም» አሉ።

ሥዕሎቹን ይዤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መጽሐፉን ገለጥኩ። የመጀመሪያዋ ልክ ናት። ሁለተኛዋም። አሥረኛዋም። የኮከቡ ጫፍ ወዴት እንደሚያይ፣ ሰማያዊው ደማቅ ይሁን ፈዛዛ፣ እስከ ሠላሳ ዘጠነኛዋ ድረስ አንዷም አልተሳሳተችም። እኔ የዛሬ አምስት ዓመት አድራሻዬን የማላስታውስ ሰው ነኝ፤ ሰባ ዓመት የሞላቸው አጎቴ ነፋስ ላይ ያዩትን ጨርቅ ሁሉ ተሸክመው ባሕር መሻገራቸውን ሳስብ አፌን ይዤ ቀረሁ። እንባዬም መጣ። እኒህን ሰው ነው ቀን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ያስቀመጥኳቸው።

አርባኛዋ ግን ሳትገጥም ቀረች። መጽሐፉ ላይ ነጭ ኮከብ ያለባት ሰማያዊ ባንዲራ ነች፣ ከታች ቀይ ጠርዝ አላት። አጎቴ ጠርዙን ብርቱካንማ አድርገውታል። ወደ ቤት ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ ይቺ ቀይ አይደለችም እንዴ?»

«እኔ ያየሁት ብርቱካንማ ነው።»

«ቀይ ናት። አንድ ስህተት ሁሉንም ያበላሽብናል።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ።

«ኢንተርቪው እኮ አንድ ሰዓት ነው፣ ጋሼ! እስኪጠራ የሚጠብቀን የለም።»

እርሳሶቻቸውን ሰብስበው ተነሡ። እኔም ፓርኪንጉ ውስጥ ባለችው የሒሳብ መቀበያ ዳሴ ተቀምጬ የመጽሐፉን ባንዲራ በስስ ወረቀት ገልብጬ ቀይ ቀባሁት። በኢንተርቪው ዕለት ጠዋት፣ አጎቴ ሲላጩ፣ ወረቀቷን ለወጥኩ። የሳቸውን ኪሴ ከተትኳት። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አስተርጓሚያቸው እኔው ነኝ። ጠያቂዋ የኢሚግሬሽን መኮንን ሁለታችንንም ቀኝ እጃችንን አስነሥታ አስማለችን፤ እሳቸው እውነቱን ሊናገሩ፣ እኔ የሚሉትን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ልተረጉም። ሎየሯ ከኋላችን ተቀምጣለች። መኮንኗ ያቀረብንላትን መጽሐፍ በአንድ በኩል፣ ሥዕሎቹን በሌላ በኩል ዘርግታ አንድ በአንድ ታይ ጀመር። መጀመሪያ ፊቷ እንደ ግድግዳ ነበር። እየቆየ ቅንድቧ ከፍ እያለ መጣ። ልቤ በደስታ ዘለለ።

አርባኛዋን ስታነሣ አጎቴ ጣታቸውን ዘረጉ።

«ይቺ የኔ አይደለችም።»

«ጋሼ፣ ይተዉት» አልኩ በሹክሹክታ።

«ምን አሉ?» አለች መኮንኗ።

«ንገራት እንጂ» አሉኝ። «ይቺን የሠራት ይኼ የእህቴ ልጅ ነው። የኔዋ ብርቱካንማ ናት።»

በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ትርጉም የለም። ምዬአለሁ፤ ደግሞ «አማርኛ አይገባኝም» አይባል! የገዛ ኃጢአቴን በገዛ አፌ፣ በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል አስቀመጥኩት። ሎየሯ ከኋላ ስትተነፍስ ሰማኋት። መኮንኗ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ፤ መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር። ኪሴ ያለችውን አውጥቼ ሰጠኋት።

«መጽሐፉ ቀይ ይላል» አለች ወደ አጎቴ ዞራ። «ለምን ብርቱካንማ?»

አጎቴ ተናገሩ፤ እኔ ተከተልኩ። መርከቧ የመጣችው በከባድ ነፋስ ነው፤ የባንዲራዋ ጠርዝ ተቀዶ ሄዷል። አንድ ስዊድናዊ መርከበኛ ቀይ ጨርቅ ፍለጋ ወረደ፤ ቀኑ በዓል ስለነበር ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። አጎቴ ቤታቸው ወሰዱት። ባለቤታቸው ቀይ ነገር የላቸውም። እየሳቁ ብርቱካንማ ጉርድ ቀሚሳቸውን ከታች ቆርጠው፣ ባንዲራውን ጭናቸው ላይ አድርገው በእጃቸው ሰፉት። በማግሥቱ መርከቧ ስትወጣ አጎቴ ደንብ ጥሰው ሚስታቸውን ማማው ላይ አወጧቸውና መነጽሩን ሰጧቸው።

«ከዓይን እስክትጠፋ አየቻት» አሉ አጎቴ። «‹ቀሚሴ ከኔ ቀድሞ አውሮፓ ገባ› አለችኝ።»

ይህን ስተረጉም ድምፄ ተቋረጠ። መኮንኗ ጠበቀችኝ። ወረቀቷ ኪሴ ውስጥ ታጥፋ በመቆየቷ የብርቱካንማው ጠርዝ ቀለም መሐሉ ላይ ተልጦ ነበርና፣ አጎቴ አይተውት እርሳስ ጠየቁ። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው። ስትዘረጋላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷም ተነሥታ ወጣችና ከሌላ ቢሮ ጽሑፍ ማድመቂያ ብርቱካንማ ሃይላይተር ይዛ ተመለሰች። አጎቴ ጎንበስ ብለው ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ሞሉት።

ስንወጣ ተቆጣሁ፤ ጥፋቱ የኔ ሆኖ።

«ምነው ጋሼ፣ ይህን ለኔ ቢነግሩኝ ኖሮ?»

«አንተ ቀይ ናት አልክ እንጂ ለምን ብለህ መች ጠየቅከኝ?»

ከወራት በኋላ ደብዳቤው መጣ። በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩላቸው፦ ተፈቅዶላቸዋል። ዘልዬ አቀፍኳቸው። እሳቸው ግን ፖስታውን ተቀብለው ውስጡን ደግመው ፈተሹ።

«ባንዲራዋ አልተመለሰችም?»

«አይመልሱም፣ ጋሼ። ፋይል ውስጥ ትቀራለች፤ የመንግሥት ሆነች።»

ፖስታውን በጥንቃቄ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«እንግዲህ አሜሪካም ገባች» አሉ።