ጸበል ላይ የጮኸችው ማን ናት?

ልጄ ቁጭ ማለት አትችልም። ወቀሳ አይደለም፤ ዶሮ መዋኘት አትችልም እንደማለት ነው። ምሳዋን ሳትጨርስ ደጅ ትወጣለች፣ ደጅ ሳትደርስ የወጣችበትን ትረሳለች፣ "ምን ፈልገሽ ነበር?" ሲሏት መሬት ላይ ተዘርራ ታለቅሳለች። ልቅሶዋ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ የከተማችን የንፋስ መውጫ ነፋስ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲገነጥል እንደሚጮኸው ነው። ሲወጣላት መጥታ ጉያዬ ትገባና "እማዬ፣ ደከመኝ" ትለኛለች።

ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገባች። ጥቅምት ሳይወጣ መምህርቷ አስጠራችኝ። ወጣት ናት፤ ልጄን እንደምትወዳት ያስታውቃል።

"እትዬ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት። ግን የጓደኛዋን ፊት ቧጨረች። ለምን ስላት አላውቅም ትላለች። ሌላ ልጅ ከጎዳች ዘንድሮ ቤት ትቆይ ብለዋል ርዕሰ መምህሩ።"

"እልኸኛ ሆና ነው?"

"እንጃ። ሥልጠና ላይ ሰምተን ነበር። ሐሳባቸውን መሰብሰብ፣ ንዴታቸውንም መግታት የሚያቅታቸው ልጆች አሉ፤ ጥፋታቸው አይደለም ብለውን ነበር። ምን እናድርግ እንዳሉን ግን እኔም በደንብ አልያዝኩትም።"

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልልቆቹ ልጆቼ ሲያጠኑ ከኋላቸው ቆሜ ነው። ይህቺ ግን ቤት ብትቀር ከሰው ኋላ ቆማ የምትማር አይደለችም፤ ትከሻው ላይ ትወጣለች እንጂ። እንቅልፍ አጣሁ።

የክርስትና እናቷ፣ ጎረቤቴ ናት፣ ስትሰማ አልተገረመችም። "ይሄማ ምን ይጠየቃል! ዓይን ነው፣ ወይ የባሰ። ጸበል እንውሰዳት" አለችኝ። ስም ስላወጣችለት ደስ አለኝ።

ኅዳር ላይ በማለዳ ወጣን። የጋይንትን ማለዳ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ተኝቷል። ወረፋ ስንጠብቅ ልጄ የሰውን ሁሉ እቃ ዳሰሰች። አንዲት አሮጊት ፊት ቆማም "እማማ፣ ሌሎቹ ጥርሶችዎ የት ሄዱ?" አለቻቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሮጊቷ ግን ሳቁ፤ "ቀድመውኝ ሰማይ ቤት ገቡ፣ ልጄ።"

ተራችን ደረሰ። ውኃው ራሷ ላይ ሲወርድ ልጄ ያንን ጩኸቷን ለቀቀችው። በኛ ዘንድ ጸበል ላይ የጮኸ ሰው የተደበቀበት ነገር ተገለጠ ይባላል። ሴቶቹ "እሰይ! እሰይ!" እያሉ እልልታውን አቀለጡት። የሚያጠምቁት አባ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው ጠየቁ።

"ማን ነህ? ተናገር!"

"እኔ ነኝ!" አለች ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። "በረደኝ! እማዬ፣ ንገሪያቸው እንጂ!"

የክርስትና እናቷ ክንዴን ያዘችኝ። "ዝም በይ! እሱ ነው በሷ አፍ የሚናገረው።"

ዝም አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ እሱ በሆነ ብዬ ተመኝቼ ነበር። እሱ ከሆነ የሚያስወጣው አለ፤ ለመምህርቷም "ወጥቶላታል" ብዬ እነግራታለሁ። እሷው ከሆነችስ? ከልጄ ላይ ምኑ ነው የሚወጣው? አሮጊቷን ስለ ጥርሳቸው የጠየቀው፣ ጉያዬ ውስጥ የሚገባው ማን ሊሆን ነው?

አባ ወደኔ ዞሩ። "እናቷ፣ የማን ድምፅ ነው?"

"የሷው ነው፣ አባ" አልኩ። "ቤትም እንዲሁ ናት።"

"ታዲያ ምን ቆመሽ ታያለሽ? አልብሻት! ጸበሉንም አትተይ፣ ትምህርቱንም አትተይ።"

እልልታው ቀጥ አለ። የክርስትና እናቷ ቅር ብሏት ፊቷን አዞረች። እኔ ልጄን በጋቢ ጥፍር አድርጌ ጠቅልዬ አቀፍኳት። ስትታገለኝ ቆየችና ድንገት ረገበች። እንደዚያ ጸጥ ስትል አይቻት አላውቅም። ጋቢው ይሁን፣ ጸበሉ ይሁን፣ ድካሙ ይሁን፣ እስካሁን ለይቼ አላውቅም።

ሰኞ ጋቢውን ይዤ መምህርቷ ዘንድ ሄድኩና ጸበል እንደወሰድናት ነገርኳት።

"አባ ምን አሉ?" አለችኝ።

"እሷው ናት አሉ።"

ሳቀች፤ ከዚያ ተከዘች። በር አጠገብ አስቀመጠቻት፤ እግሯ ሲያሳክካት ወጥታ እንድትመለስ፣ ንዴቷ ሲመጣም ጋቢዋን እንድትጠቀለል ተስማማን። አንዳንድ ቀን ይሠራል። አንዳንድ ቀን ጋቢው ራሱ ጭቃ ውስጥ ተጥሎ ይገኛል። እስካሁን ግን አልተባረረችም። ነገን እንጃ።

ባለፈው ጸጉሯን ስሠራት፣ ለወጉ ያህል ቁጭ ብላ፣ "እማዬ፣ ያን ቀን ለምን ቶሎ አልነገርሻቸውም?" አለችኝ።

ጉንጉኑን ሳልለቅ "አላውቅም" አልኳት።

ዞራ አየችኝ፤ ጉንጉኑ ከእጄ አመለጠ። "አየሽ?" አለች። "እኔም ለምን ቧጨርሻት ስባል እንዲሁ ነው የሚሆነው።"

ብላኝ ግማሽ ጸጉሯን እንደተሠራች ወደ ደጅ በረረች።