ዋንዛው ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች

«ደመወዝ የሚከፈልሽ ለእጅሽ ነው፤ ለምላስሽ አይደለም» አሉኝ ዳኛው፣ ገና ከጂንካ ሳንወጣ፣ በቅሏቸው ላይ ሆነው ቁልቁል እያዩኝ።

«አስተርጓሚውም እኔው ነኝ እኮ። በእጄ ላስተርጉም?»

ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁ፤ እየሳቁ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥቤ ለዩኒቨርሲቲ ሳይበቃ ቀርቶ፣ በፍርድ ቤቱ ጸሐፊነት ከተቀጠርኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። ወላጆቼ ከሰሜን የመጡ ናቸው። እኔ ግን ጂንካ ተወልጄ አሪኛውን የለመድኩት ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወትና ስደባደብ ነው። ዳኛው ቋንቋውን አይሰሙም። ስለዚህ ባለጉዳዩ አሪ ከሆነ መጻፉም መናገሩም የኔ ሥራ ነበር። ወንበር ላይ ተተክሎ መዋል ስለማይሆንልኝ፣ «ቦታው ታይቶ ይወሰን» በተባለ ቁጥር ከሁሉ ቀድሜ ጫማዬን የማጠብቀው እኔ ነኝ።

የዚያን ቀን ጉዳያችን ወደ ገዘር በሚወስደው መንገድ፣ ዳገቱ ላይ ያለ አንድ ዋንዛ ነበር። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የገበሬ ማኅበሩ ዛፉ ያለበትን ማሳ ለአንድ ወጣት ገበሬ ሰጠው። ዛፉ ላይ ግን ከአዋጁ በፊት ጀምሮ የአንድ ሽማግሌ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ወጣቱ ቤት ሊሠራ ነው፤ ዋንዛውን ጥሎ በርና መስኮት ሊያወጣበት ፈለገ። የማኅበሩ ፍርድ ሸንጎም ፈቀደለት። ሽማግሌው ይግባኝ ብለው እኛ ዘንድ መጡ። ግብራቸውንም ልብሳቸውንም የሚያገኙት ከማሩ ነው። ጊዜው ደግሞ አበባ ፈክቶ ንቡ ቀፎ የሞላበት ነበር። ዛፉ ከወደቀ የዓመቱ ማር ብቻ ሳይሆን ንቡም አለቀ።

ስንደርስ ሽማግሌው ከሩቅ ሆነው እጃቸውን እያወናጨፉ ጮኹ።

«ምን ይላሉ?» አሉ ዳኛው።

«በቅሎዋን እዚያ ማዶ እሰሩ ይላሉ። ንቡ ላቧን አይወድም።»

«የመንግሥት በቅሎ ናት በያቸው።»

«እሱን ለንቡ ይንገሩት፣ ጓድ ዳኛ።»

ዳኛው ወርደው ራሳቸው ማዶ አሰሯት።

ወጣቱ መጥረቢያውን ከግንዱ አስደግፎ ይጠብቀን ነበር። መሠረተ ትምህርት ጨርሶ ምስክር ወረቀት ስለወሰደ አስተርጓሚ አልፈልግም አለ። «መሬት የሕዝብ ነው። የኔ ድርሻ ደግሞ ይሄ ነው። ዛፉ ከመሬቱ ወጥቶ የት ይሄዳል? ቀፎውን ያውርዱና ይውሰዱ። እኔ ቀፎ አልነካሁም።»

ሽማግሌው ይህን ስተረጉምላቸው ጊዜ ወደ ላይ አንጋጠው ቀፎዎቹን አዩ። «ቀፎውን አወርዳለሁ። ንቡን ምን ብዬ ላውርደው፣ ልጄ?»

ዳኛው ጉዳዩን ወደዱት፤ ከፊታቸው ያስታውቃል። በጠፍር የታሰረ ቀፎ የዛፉ አካል ነው ወይስ እንደ ወንበርና እንደ ድስት የሚነሳ ንብረት? አካሉ ከሆነ ከመሬቱ ጋር ለወጣቱ ሄዷል። የሚነሳ ከሆነ ሽማግሌው ያንሱት። እንዲህ እያሉ ግንዱን ዞሩት። እኔ ደሜ ፈላ። በየትኛውም በኩል ቢሄዱ ዛፉ መቆረጡ ነው! ደግሞ አንድ ነገር አውቅ ነበር። እዚያ ሰፈር በሰው ማሳ ላይ ቀፎ የሰቀለ፣ ማር በሚቆርጥበት ቀን ለባለማሳው አንድ ቅል ሙሉ ይሰጣል። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማን ለዳኛ ይናገራል? ሽማግሌውም አላነሱትም።

«አንተ» አልኩት ወጣቱን፣ «ከአባባ ማር ተቀብለህ ታውቃለህ?»

«አንቺ!» አሉ ዳኛው።

ወጣቱ ግን ደረቱን ነፍቶ መለሰ። «በየዓመቱ ነዋ! ዛፉ የኔ ስለሆነ አይደል የሚሰጡኝ?»

«የራስህ ከሆነ ወጥተህ ማሩን ለምን አልቆረጥከውም?»

«የሰው ቀፎ? ሌባ ነኝ እንዴ እኔ?»

ዳኛው መዞራቸውን አቆሙ። «ቆይ፣ ቆይ። ቅሉ የድሮው ባለመሬት ያስከፍል የነበረው ዓይነት ግብር ከሆነ በአዋጅ ቀርቷል። ጠይቂያቸው።» በዚህኛው ምላሴን ፈቀዱልኝ።

ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ተቆጡ። «የድሮው ባለመሬት ቅል አይጠብቅም ነበር፤ ከነቀፎው ነው የሚወስደው! እኔ ለዚህ ልጅ የምሰጠው ዛፉን እንዲያቆምልኝ ነው። ከተቀበለ ዛፉን አይቆርጥም። ይህን አባቱም ያውቀዋል።»

«እውነት ነው?» አሉ ዳኛው ወደ ወጣቱ ዞረው።

ወጣቱ መጥረቢያውን አየ። «እሱማ ነው። ግን አዋጁ ስለ ማር አይናገርም።»

«ስለ ውል የሚናገር ሌላ ሕግ አለ» አሉ ዳኛው፤ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበር። «እሳቸው ይሰጣሉ፣ አንተ ታቆማለህ። ይሄ ካለመጻፉ በቀር ምን ጎደለው? ጻፊ!»

ጻፍኩ። ማሳው የወጣቱ ነው። ቀፎዎቹ የሽማግሌው ናቸው። ቅሉ እስከተሰጠ ድረስ ዛፉ ይቆማል። ሽማግሌው ሲነበብላቸው ጊዜ በራሳቸው ማሳ ዳር ያለውን ቀፎ የሌለበትን የደረቀ ዋንዛቸውን በእጃቸው አሳዩ። «በር ከፈለገ ያንን ይውሰድ፣ እኔም አግዘዋለሁ» አሉ። እሱንም ጨመርኩበት። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ወጣቱ ግን ጣት አላሳርፍም፣ ስሜን እጽፋለሁ ብሎ ብዕሬን ነጠቀኝ። ምላሱን አውጥቶ ፊደል በፊደል ሲስል ዳኛው ሳይቀሩ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁት። ተሸንፎ እንኳ ስሙን ጨርሶ ቀና ሲል ፊቱ በርቶ ነበር።

ሽማግሌው ቤታቸው ገብተው ያለፈውን ዓመት ማር በቅል ይዘው መጡ፤ በቀጥታ ወደ እኔ።

«አልቀበልም፣ አባባ። ጉቦ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የፈረዱለት ሰው የሚሰጠው።»

በጣም ተቀየሙ። ወጣቱ ይህን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። ቅሉን ከእጃቸው ወሰደና ወደ እኔ ዘረጋው። «በይ ከኔ ተቀበይ! የተፈረደበት ሰው ጉቦ አይሰጥም።»

ዳኛውን አየኋቸው።

«እሱን የሚከለክል አንቀጽ ትዝ አይለኝም» አሉ፣ ወደ በቅሎዋ እያዩ።

በጣቴ ዛቅ አድርጌ ላስኩ። ሽማግሌው ፊታቸው ተፈታ፤ ለዳኛውም ድንጋይ አንጥፈው አስቀመጧቸው።

«ቆዪ እንጂ፣ አብረን እንወርዳለን» አሉኝ ዳኛው፣ አፋቸው ማር እንደያዘ።

«በበቅሎ ይደርሱብኛል» ብዬ ጣቴን በሣር ጠርጌ መዝገቡን በብብቴ ያዝኩና ቁልቁለቱን ወደ ጂንካ ወረድኩ።